የምጣድ ማሟሻ

እኔ ሰነፍ አይደለሁም። ይህን ቀድሜ ልበል፤ ለወራት ሰው ሁሉ «ሰነፍ» ሲለኝ ከርሞ እኔም አምኜ ነበር። ሰነፍ ሰው ይተኛል፣ ያርፋል። እኔ ግን መጽሐፍ ላለመክፈት ስል ቤት ጠርጌያለሁ፣ የወንድሜን ጫማ አጥቤያለሁ፣ ማንም ሳያዘኝ ሁለት ኪሎ ምስር ለቅሜያለሁ።

ነገሩ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። መጀመሪያ የተፈተንኩት ጥቅምት 2015 ላይ ነው፤ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር፣ ፍተሻ ነበር፣ ተፈታኙም ዶርም ያድር ነበር። ጥር ላይ ውጤቱ ሲለቀቅ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። እኔ 27 ከመቶ። ግማሽ ላልሞሉ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ለሬሚዲያል እንኳ አልበቃሁም። በግል ተመዝግቤ ሐምሌ ላይ በድጋሚ ልፈተን ወሰንኩ።

ያቺ 3.3 የምትባል ቁጥር መጀመሪያ አጽናናችኝ፣ ቀጥሎ ጎዳችኝ። ጎረቤት ውጤቴን ሲጠይቀኝ «ከመቶው 97ቱ ወድቋል እኮ» እላለሁ። ውሸት የለውም። ግን ውሎ አድሮ መደበቂያዬ ሆነች። አገር የወደቀበትን ፈተና እኔ ባላጠናው ማን ይፈርድብኛል?

አለማጥናቴን ደግሞ በሥርዓት ነው የያዝኩት። ፕሮግራም አወጣሁ። ካርቶን ገዛሁ፣ በማስመሪያ አሰመርኩ፣ ሒሳብ ቀይ፣ ኬሚስትሪ አረንጓዴ፣ ባዮሎጂ ሰማያዊ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ግድግዳ ላይ ስለጥፈው የእውነት ያጠናሁ ያህል ደክሞኝ ነበር። የሚጀመረው ሰኞ ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ እንግዳ መጣ፣ ሁለት ሰዓት አለፈኝ። አንዴ ካለፈ ሳምንቱ ተበላሽቷል፤ የሚቀጥለው ሰኞ ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ «ጾሙ ይግባና» ሆነ፣ ከዚያ «ፋሲካ ይለፍና»።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ ተዘጉ። እሰይ፣ አሁን ምን ምክንያት አለኝ አልኩ። የዚያኑ ቀን ማታ ቪፒኤን አወረድኩ። «ለፒዲኤፍ ነው» ብዬ። የድሮ ፈተና፣ አጫጭር ኖት፣ የማላውቃቸው ትምህርት ቤቶች ሞዴል ፈተና፣ ስልኬ ሞልቶ እምቢ እስኪል አወረድኩ። ማውረድ ደስ ይላል። አንዱንም ግን አልከፈትኩም። ስልኩን ሞሰብ ውስጥ ደብቄው አውቃለሁ፤ ምሳ ሲቀርብ ከእንጀራው ጋር ወጣ።

4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሞክሬያለሁ። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ጓደኛዬ እዚያ እየዋለች ተለውጣለች፣ ስለዚህ አልኮንነውም። እኔን ግን ሌላው ሰው ሲያጠና ማየት ራሱ አጠገበኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ልጅ ስንት ገጽ እንደገለጠ ስቆጥር ውዬ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ «እንዴት ነበር ጥናት?» ስባል «ጥሩ» እላለሁ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ለሁለት ምግብ ቤትና ለሰፈር ሱቆች በቀን 60 እንጀራ ታስረክባለች፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ትጨርሳለች። ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ሌሊት ቀሰቀሰችኝ። የምታግዛት ልጅ ለበዓል አገሯ ሄዳ ቀርታለች።

«ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ።»

ሄድኩ። ስልኬ ጠፍቷል። ቻርጅ ላድርገው ብል አይቻልም፤ የእኛ ቤት ምጣድ ሲሰካ ሌላ ነገር ከተሰካ ቆጣሪው ይወድቃል። ከአምፖሉ ሥር የሚነበብ ነገር ስፈልግ ወንድሜ ድሮ ፎቶ ኮፒ ያስነሣው የሒሳብ ፈተና እጄ ገባ። 65 ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት ይላል ላዩ ላይ። ዝም ብዬ ያዝኩት።

እናቴ ምጣዱን በጎመን ዘር አሸችው፣ በጨርቅ ወለወለችው፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች አፈሰሰችው። ዓይን ሲያወጣ ከደነችው። ስትከፍተው ተጣብቋል። በሰፌዱ ልታወጣው ስትል መሐሉ ተቀደደ። ጠቅልላ ወደ ጎን ወረወረችውና ቀጣዩን አፈሰሰች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«አያናድድሽም?» አልኳት።

«ምኑ?»

«የተቀደደው።»

«ማሟሻ እኮ ነው። ማሟሻ ማን ይሸጣል?»

ያኔ ነገሩ ገብቶኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ፈተናውን ገለጥኩና አንደኛውን ጥያቄ አየሁት፤ ሎግ 2 ሲደመር ሎግ 5 ስንት ነው ይላል፣ ቤዙ 10። ሎግ 7 የሚለውን አከበብኩ። ጀርባው ላይ መልሱን ሳይ 1 ነው። ሎግ ሲደመር ውስጡ ይባዛል፤ 2 በ5 10፣ የ10 ሎግ ደግሞ 1። የ10ኛ ክፍል ትምህርት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፌ ምስር እለቅም ነበር። «በይ ማሟሻ ነው» አልኩና ወደ ሁለተኛው ሄድኩ።

ለወራት ስሸሸው የነበረው ይሄ ነበር ለካ። የ10ኛ ክፍል ሎግ አለማወቄን በዓይኔ ማየት። መጽሐፉ ተዘግቶ እስካለ ድረስ ምናልባት አውቀው ይሆናል። ሲከፈት ግን ያልቃል፣ ይታወቃል። ባለቀለም ካርቶኑም፣ ፒዲኤፉም፣ አብርሆትም ያቺን ደቂቃ ማራዘሚያ ነበሩ።

በማግስቱም ሄድኩ። ቀስ በቀስ የራሳችን ሥርዓት ወጣ። አንድ እንጀራ፣ አንድ ጥያቄ። 65 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ማለት ለአንዱ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነው፤ የእናቴም 60 እንጀራ በሦስት ሰዓት እዚያው ነው። ሰዓት አያስፈልገኝም ነበር። ሊጡ ሲፈስ አነባለሁ፣ አክንባሎው ሲከደን እሠራለሁ፣ ሰፌዱ ሲገባ መልስ አከብባለሁ። አንዱ ጥያቄ ይዞኝ ሲቀር እናቴ ሳትዞር ታውቃለች።

«ደረሰልሽ?»

«ትንሽ ቀረኝ እማ።»

«ተይው ሊያር ነው። ሌላ አፍስሺ።»

እሷ ስለ ፈተና አንድም ነገር አታውቅም። ፈተና ላይ ግን ትልቁ ችግሬ ይሄው ነበር፤ ጥቅምት ላይ አንድ የማትሪክስ ጥያቄ ላይ 20 ደቂቃ ተቀምጬ መጨረሻ ላይ ያሉትን በግምት ነው ያጠቆርኳቸው።

የመጀመሪያውን ወረቀት ስጨርስ ከ65ቱ 14 አግኝቻለሁ። አራት አራት ምርጫ ካለው በግምት ብቻ የሞላ ሰው እንኳ ሳይበልጠኝ አይቀርም። አንድ ደብተር ገዝቼ የሳትኩትን ብቻ እየጻፍኩ ከጎኑ ለምን እንደሳትኩ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ ደብተር ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ነገር አሳየኝ፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ከሳትኳቸው ብዙዎቹን አውቃቸው ነበር። ያልገባኝ እንግሊዝኛው ነው። ጥያቄው መሐል «ኖት» (ያልሆነው) ወይም «ኤክሴፕት» (በስተቀር) ትኖራለች፣ እሷን ዘልዬ ትክክል የሆነውን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ሳነብ እነዚህን ሁለት ቃላት በእርሳስ መክበብ ልማዴ ሆነ። ለእንግሊዝኛ ብዬ ሌላ ምንም አላጠናሁም፤ ጊዜም አልነበረኝም።

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ ተዋስኩ። ይህ አሳፍሮኝ ነበር፤ ልጁ «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለአክስቴ ልጅ» አልኩት። ይቅር ይበለኝ።

ሁሌ አልሆነልኝም። ግንቦት ላይ ታምሜ ሦስት ሌሊት ቀረሁ፤ ሦስቱ ዘጠኝ ሆነ። የሚገርመው የድሮው ጠባዬ ወዲያው ተመለሰ፤ አዲስ ካርቶን ልገዛ አሰብኩ። እናቴ ናት ያስቀረችኝ፣ ያውም ሳታውቀው። ልጅቷ ከአገሯ ተመልሳ ስለነበር አላስፈለግኳትም። «ነይ እንጂ፣ ከእሷ ጋር ወሬ አይጥመኝም» አለችኝ። ሄጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ሠራሁ፣ ተኛሁ። በማግስቱ አራት። ያለፈውን ዘጠኝ ቀን ለማካካስ አልሞከርኩም። ለእኔ ማካካስ ማለት ዕዳውን ማየት ነው፤ ዕዳውን ካየሁ ደግሞ እሸሻለሁ።

ቀን ቀን ተኝቼያለሁ። ዘመድ «ቀን የሚተኛ ተማሪ» እያለ ተሳልቆብኛል። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ካልተኛሁ ግን ሌሊቱ አይሆንም።

ሐምሌ ላይ ተፈተንኩ። ሒሳቡ ሲጀመር አንደኛው ጥያቄ ከበደኝ፣ እጄ ላብ አለው። ዘለልኩት። ሁለተኛውን ሠራሁ። የሆነ ሰዓት ላይ ስንተኛው እንጀራ ላይ እንደሆንኩ እየቆጠርኩ ራሴን ያዝኩት።

ውጤት ሲመጣ 47 ከመቶ ነበር። ግማሽ አልሞላሁም። ያን ዓመትም ግማሽ የሞላው 3.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ግን በዚህኛው ቁጥር አልተደበቅኩም። ሬሚዲያል ገባሁ፣ እሱን አለፍኩ፣ አሁን ከአዲስ አበባ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ነኝ። እናቴ 47ቱን ስነግራት «ከ60 ነው?» ብላኝ ነበር። ከመቶ ነው ስላት ትንሽ ቅር አላት።

እዚህ ምጣድ የለም። አሳይመንት ሲሰጠኝ ዛሬም መጀመሪያ ልብስ አጥባለሁ። ማስረከቢያው ሲደርስ ግን 10 ሰዓት ላይ እነሣና እናቴ ጋ እደውላለሁ። ስልኩን ከሊጡ ባልዲ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። አናወራም። ሊጡ ሲፈስ ይሰማኛል፣ አክንባሎው ሲከደን፣ ሲነሣ። ከዚያ «ኤጭ» ትላለች፣ የተቀደደውን ስትወረውር። እኔም የማይረባ አንድ መስመር እጽፋለሁ።