ዘፍ ከማለት ቀስ ብሎ ወደ መቀመጥ፦ የስድስት ወር ማስታወሻ

ስለ እርጅና ማንበብ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሞላኝ። ምክንያቴ እናቴ ናት፤ 76 ዓመቷ ነው። እንደ እኔ ወላጅ የምትጦሩ ስላላችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ወር በጆሮ አለቀ። እናቴ ስጠራት ትሰማለች፣ የምላትን ግን ታምታታለች፤ እኔ ደግሞ እጮህባት ነበር። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ተቀብለው ለነርቭ የሚያቀብሉ ጥቃቅን ሴሎች አሉ፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በእርጅና ቀድመው የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ድምፆች ከቃሉ መሃል እየወደቁ ይቀራሉ። ስንጮህ የሚጎላው አናባቢው ነው፣ የጠፋው ተነባቢ አይመለስም። አሁን ቴሌቪዥኑን ዘግቼ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ረጋ ብዬ አወራታለሁ። በከንቱ የተቆጣኋትን ሳስብ ግን አሁንም ያመኛል።

ዓይን ላይ ብዙ አልቆየሁም። ከ40 ዓመት በኋላ ሌንሱ እየጠጠረ የቅርብ ንባብ እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ የሆነብኝ የብርሃኑ ነገር ነው። ብሌኑ ይጠባል፣ ሌንሱም ወደ ቢጫ ያደላል፤ በ60 ዓመት ሬቲና ላይ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ይደርስ ከነበረው ሲሶ ገደማ ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት የኮሪደሩን አምፖል በደማቅ ቀየርኩት።

ውሃ ጠጪ ስላት «አልጠማኝም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደነዝዛል፣ ኩላሊትም ውሃ ቆጥቦ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሰውነቷ ውሃ ቢፈልግም ጥሙ አይነግራትም ማለት ነው። (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ።)

የቀረውን ጊዜ ሁሉ የወሰደው ጡንቻ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ይበልጥ የሚሳሱት ቶሎ የሚኮማተሩት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሰው ሲደናቀፍ ሳይወድቅ እግሩን ቀደም አድርጎ የሚያሳርፍባቸው። ተስፋ የሰጠኝ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነው። 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው 10 አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እያነሱ ሠሩ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት የ9ኙ የጭን ጡንቻ ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ90 ዓመት ጡንቻ እንዲህ የሚመልስ ከሆነ የእናቴ 76 ምኑ ዘገየ?

ሐኪሟን ጠይቀን ከወንበር በመነሳትና በመቀመጥ ጀመርን። መጀመሪያ ቀን ሁለት እጇን መደገፊያው ላይ ተክላ፣ አንዴ ሞክራ፣ ተመልሳ፣ በሁለተኛው ተነሳች። ስትቀመጥ ዘፍ! በ30 ሰከንድ 4 ጊዜ ብቻ። ብርድ ልብስ አጥፌ መቀመጫውን ከፍ አደረግኩላት፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እኔ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። ስትቀመጥ ደግሞ «ቀስ፣ ቀስ በይ እማዬ» እላታለሁ፣ ወደታች ሲወርድ ሰውነትን የሚይዘውም ያው የጭን ጡንቻ ነውና። በስድስተኛው ሳምንት ቸኩዬ ቁጥሩን ጨመርኩ፤ ጉልበቷን አመማት፣ 10 ቀን አረፍን፣ ስንመለስ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጨምረው እሷ «ቀለለኝ» ስትል ብቻ ነው። ብርድ ልብሱ ከተነሳ ወር አልፎታል። ባለፈው ሳምንት እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ 9 ጊዜ ተነሳች፣ ዘፍ ማለቱም ቀርቷል።

አሁን ሚዛን ጀምረናል። ጠረጴዛ ይዛ በአንድ እግር ትቆማለች፤ በግራ 6 ሰከንድ፣ በቀኝ 3። በዚህ ቀደም ብላችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እጅን መልቀቅ መቼ እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።