እጅጌ

ስንት ሰዓት እንደነበር አላውቅም። ስልኬ በእሱ በኩል ነው የሚያድረው። ጭንቅላቱ ግራ ክንዴ ላይ ነበር። መጀመሪያ ወረረኝ፣ ቀጥሎ ቀዘቀዘ፣ በመጨረሻ የሌላ ሰው ክንድ ሆነ። መጎተት እችል ነበር። ግን ሰሞኑን ከእንቅልፍ ጋር ተጣልቶ ነው የከረመው፤ ዛሬ ገና መታረቃቸው ነው። መሀል መግባት አልፈለግሁም።

የተፈጠረ ነገር የለም። ከምሽት ጀምሮ ደብሮኛል፣ በቃ። እንዲህ ሲያደርገኝ ሐሳብ ይዞኝ እንደሚያድር የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ጨለማው ውስጥ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ያ የቻይና ንጉሠ ነገሥት ትዝ አለኝ። አይ የሚባለው፣ ከሃን ሥርወ መንግሥት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7 እስከ 1 የነገሠው። አንድ ቀን ወዳጁ ዶንግ ሽየን የንጉሡን እጅጌ እንደተንተራሰ እንቅልፍ ይወስደዋል። ንጉሡ መነሳት ፈለገ። ልጁን ለመቀስቀስ አልጨከነም። እጅጌውን ቆርጦ ተነሳ። ይኸው እስከ ዛሬ በቻይንኛ ወንድ ለወንድ ያለው ፍቅር በተቆረጠ እጅጌ ስም ይጠራል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ዛሬ ሌሊት ግን ከነከነኝ። ሰውየው እኮ ንጉሥ ነው። ስንት ካባ አለው? ልብሱ የእሱ፣ ቆራጩ እሱ፣ ሲወራ የሚኖረውም የእሱ ፍቅር። የተኛው ልጅስ? ነቅቶ ያንን ቁራጭ ጨርቅ ጉንጩ ሥር ሲያገኝ ደስ አለው ወይስ ደነገጠ? ታሪኩን የጻፈው ባን ጉ አልነገረንም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሚመጣልኝ «ይሄ ልብስ ስንት ያወጣል?» የሚለው ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው አያወራውም። ዶንግ ሽየን በ22 ዓመቱ የጦሩ ሁሉ የበላይ ተደረገ። መቃብሩ ሳይቀር ከንጉሡ መቃብር አጠገብ ተሠራለት። ከዚያ ንጉሡ ሞተ። አሮጊቷ ንግሥት አስጠርታ የቀብሩ ሥነ ሥርዓት እንዴት ይሁን ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ሹመቱ ተገፈፈ፤ በዚያው ቀን ከነሚስቱ ራሱን አጠፋ። (አዎ፣ ሚስት ነበረችው። እሷን ማንም አያነሳትም። እኔም ይኸው ቅንፍ ውስጥ ከተትኳት።) ቤተሰቡ በፍርሃት በሌሊት ቀበረው። ዋንግ ማንግ የተባለው ባለሥልጣን፣ የሞተ መስሎ አታሎን እንዳይሆን ብሎ ሬሳ ሳጥኑን አስወጥቶ አስከፈተው። ንብረቱ ተወርሶ ሲሸጥ 4.3 ቢሊዮን ሳንቲም ወጣው።

ጦር ሲያዝ የነበረ ሰው፣ የገዛ ወዳጁን እንዴት እንደሚቀብር ሲጠየቅ አፉ ተያዘ። ከእጅጌው ይልቅ ያቺ ባርኔጣ ነች እንቅልፍ የነሳችኝ።

እኔን ደግሞ ጠርቶ የሚጠይቀኝ እንኳን የለም። ቤቱ በእሱ ስም ነው። እኔ ቁልፍ አለኝ። ባልና ሚስት ቢሆኑ ቁልፉ ቢጠፋም ወረቀቱ አለ። እንደኛ ያሉትን በሕግ በማጋባት የመጀመሪያዋ አገር ኔዘርላንድስ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2001። ከ60 በላይ አገሮች ደግሞ አሁንም ወንጀል ነው ይላሉ። ሕጉ ድሃና ሀብታም አይለይም ይባላል። ውሸት ነው። እሱ የጠበቃ ስልክ አለው። የባሰ ከመጣ ትኬት ይቆርጣል። እኔ ሳስብ የማድረው ሁለት ይቆርጥ ይሆን ወይ እያልኩ ነው።

ቆይ፣ የደበረኝ በምን ነበር? አዎ፣ እራት ላይ። ሂሳቡ ሲመጣ አስተናጋጁ ማንንም ሳይጠይቅ ወረቀቱን እሱ ፊት አስቀመጠው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። በምን እንደሚያውቁ አይገባኝም። ጫማ አይተው ይሆን? እኔ እንደ ልማዴ እጄን ወደ ኪሴ ላክሁ። ምንም ይዛ እንደማትወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጁ አለቃዬ መስሎታል። ሾፌሩ መስዬው ሊሆንም ይችላል። ክፋቱ፣ ይሄ ለእኛ ጥሩ ሽፋን ነው። እኩያ ብንመስል ኖሮ ሰው ጠጋ ብሎ ያየን ነበር።

ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን ግን ያጋለጠው ይኸው ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ውስጥ፣ ፍርድ ቤት አቁመው አንዱ ወጣት የጌቶች አሽከር፣ ወንድሙ ደግሞ ፈረስ ጠባቂ መሆናቸውን ታውቅ ነበር ወይ ብለው አፋጠጡት። ለወጣቶቹ የሰጣቸው የብር ሲጋራ መያዣ ሳይቀር ተነሳ። ከወንድ ጋር ምን ታደርጋለህ ብቻ አልነበረም ነገሩ፤ ከነዚህ ጋር ምን አገናኘህ ነው። ሁለት ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት።

ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ መሰከሩበት። ድሮ በጣም እናደድባቸው ነበር። አሁን እንጃ። ወንድ ከወንድ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚቀጣው የዚያን ጊዜው ሕግ፣ የ1885ቱ፣ የአስፈራሪዎች ፈቃድ የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። ምንም የሌለው ልጅ እጅ ላይ አንድ ደብዳቤ ከገባች ጌታውን የምታንበረክክ መሣሪያ ናት። እጀታ የሌላት ቢላ፣ የያዘውንም የምትቆርጥ፣ ግን መሣሪያ።

እኔም ስልኬ ውስጥ የእሱ መልእክቶች አሉ። የሁለት ዓመት። ይሄ ሐሳብ በአእምሮዬ ማለፉ ራሱ አሳፈረኝ። እሱስ አስቦት ያውቅ ይሆን? ስልኬ በእሱ በኩል የሚያድረው ለዚያ ነው?

ኧረ ተው። ሶኬቱ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ያለው ሲወድ ለጋስ ይባላል፤ የሌለው ሲወድ ብልጥ። ሌላው ቢለው ምንም አይደል። እኔም ራሴን የምጠረጥርበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ በሐሳቤ ቤቱን፣ መኪናውን፣ ሥራውን ሁሉ እነጥቀውና ባዶውን አቆመዋለሁ። አሁንስ ትወደዋለህ? እላለሁ። ግን ያ የቆመው ሰው ማነው? እኔ የወደድኩት ሲናገር አለመቸኮሉን ነው። በር ሲንኳኳ አለመደንገጡን ነው። ሰው ሲቆጣው ፈገግ ማለቱን ነው። እነዚህ ሁሉ ከየት የመጡ ናቸው? በሕይወቱ በር ተንኳኩቶ መጥፎ ነገር ገብቶበት አያውቅም። ታዲያ ገንዘቡን ስነጥቀው እነሱንም ነጠቅሁት ማለት ነው? ወይስ እኔ ስወደው የኖርኩት ገንዘቡ የሠራውን እርጋታ ነው? ነው ብልስ ጥፋት ነው?

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ከአንድ አሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ነው። በሁለቱም እጄ ነው የማሻው ዓይኔን። ቆይ። ክንዴን መቼ ነው ያወጣሁት?

እውነት ትዝ አይለኝም። ምናልባት ዶንግ ሽየን ባርኔጣውን ሲያወልቅ ላይ ስደርስ ይሆናል። ብቻ ጎትቼ አውጥቼ፣ ተነስቼ መጥቻለሁ። እሱም አልነቃም። ሲያንኮራፋ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ቁረጥ ብባልስ ምን ልቆርጥ ነበር? የለበስኩት ቲሸርት የእሱ ነው። እጅጌውም አጭር ነው።