ከፋኑ ጋር የተነቀለው ሲፒዩ

በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ከኮምቦልቻ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት የመጣው ዴስክቶፕ ሕመሙ ግልጽ ነበር፤ በተከፈተ በ20 ደቂቃው ይጠፋል። የማሽኑ አንጎል የሆነው ሲፒዩ የኤኤምዲ ራይዘን ነው፤ የሚሰካበት ሶኬት ኤኤም 4፣ ፋኑም አብሮት የተሸጠው። ከፋኑ ሥር ሙቀት የሚያስወጣውን ብረት፣ ሂትሲንኩን፣ አቧራ ጠቅጥቆታል፤ በእሱና በሲፒዩው መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ተርማል ፔስቱም፣ ደርቋል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ማሽኑ ማታ ገብቶ ሱቁ ውስጥ አደረ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ ደሴ ያደረ ያውቀዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተለማማጁ ገመዱን ነቀለ፣ አራቱን ብሎኖች በባለ መስቀል ካቻቪቴ ፈታና ፋኑን ወደ ላይ ሳበው። እምቢ አለ። ጠንከር አድርጎ ሳበው። «ጠቅ» ብሎ ሲወጣ ሲፒዩው ከሂትሲንኩ ሥር ተጣብቆ አብሮ መጣ። ደንግጦ በቀጫጭን የብረት እግሮቹ በኩል ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው የባሰ ጥፋት ነው።

«ጋሼ፣ መቆለፊያውን እኮ አልከፈትኩትም!»

«አብሽር። ሳትከፍተውም ይወጣል» አለው ባለሙያው።

ኤኤም 4 ላይ 1331ዱም እግሮች ያሉት ሲፒዩው ራሱ ላይ ነው። ሶኬቱ እግሮቹን ከጎን ጨብጦ ይይዛል እንጂ ከላይ ተጭኖ የሚያስቀር ብረት የለውም። የመቆለፊያውን ማንሻ ቀድሞ ልክፈት ቢሉም ሂትሲንኩ ይጋርደዋል። በብርድ የደነደነ ፔስት ደግሞ ከሶኬቱ ጭብጥ ይበረታል። የአሁኖቹ የኢንቴል ማዘርቦርዶችና እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ኤኤም 5 ሲፒዩውን በብረት ክዳን ስለሚይዙት ይህ አይገጥማቸውም። እነሱ ዘንድ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ እግሮቹ ሶኬቱ ውስጥ ስለሆኑ ካቻቪቴ አንዴ ካመለጠ ቦርዱ አለቀለት።

መጀመሪያ ማሽኑን 10 ደቂቃ ማሠራት ነበረበት፤ እስኪጠፋ 20 ደቂቃ ስለሚቆይ ጊዜው ይበቃ ነበር። ፔስቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፍቶ ገመዱን መንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት፣ ኬዙን በጎኑ ማስተኛት። ብሎኖቹ የሚላሉት በሰያፍ ነው፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ። የፋኑ ገመድ ከተነቀለ በኋላ ሂትሲንኩን ወደ ላይ ሳይስቡ ግራና ቀኝ እያዞሩ ማላቀቅ ነው።

የተጣመሙት ሰባት እግሮች ነበሩ። ባለሙያው ሂትሲንኩን በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ሲፒዩውን በጠርዙ ይዞ እያዞረ አላቀቀው። ቀጭን ምላጭ በእግሮቹ ረድፎች መካከል እያስገባ በትንሽ በትንሹ ገፋቸው፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን እያየ። አንድ ሰዓት ፈጀ። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል፤ ወዲያና ወዲህ የተመላለሰ እግር ይሰበራል። ሲያበቃ ማንሻውን አንሥቶ የወርቃማዋን ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር ገጠመና ሲፒዩውን ለቀቀው፤ በራሱ ክብደት ገባ። ካልገባ አይጫኑትም፣ መልሰው ያዩታል።

የድሮውን ፔስት በአልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ ጠርጎ አዲሱን በአተር ፍሬ ልክ መሐል ላይ ጠብ አደረገ። እንደ ቅቤ የሚቀቡት ሞልተዋል፤ ትርፉ ዳር ዳሩን መፍሰስ ነው። ብሎኖቹ በሰያፍ ታሠሩ፣ የፋኑ ገመድ ተመለሰ። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ።

ማታ ባለቤቱ ከኮምቦልቻ ደወለ፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ተለማማጁ ለሥራ እንዲመቸው ብሎ የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራሙን፣ ነቅሎት ነበር፤ ሲመልሰው አንደኛው ጫፍ ሳይነክስ ቀርቷል፣ የቀረውን ሐረጎ ጨረሰው። በስልክ እየተነገረው ባለቤቱ ገመዱን ነቅሎ፣ ኬዙን ከፍቶ፣ ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ራሙን ተጫነው።