ጎረቤት እስከ የት ድረስ ዘመድ ነው?

አዳማ ላይ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው እድር ነው። ዘመድ ከአርሲ ወይም ከሐረር እስኪደርስ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የእድሩ ብረት ድስት ተጥዷል፣ ንፍሮው በስሏል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለዚች ሰዓት ነው።

ግን እድርም ቢሆን የሚያምነው መዝገቡን ነው። አብሮ የሚኖር ጓደኛ ከቤተሰብ ጋር ይመዘገብ እንደሆነ ጸሐፊውን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ ደንቡ ከእድር እድር ይለያያል።

ትልቁ ጣጣ ውርስ ነው። ዓመታት ያስታመመ ጎረቤት ወይም ጓደኛ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ማንኪያም አይደርሰው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚጠራው ልጅን ነው፤ ልጅ ከሌለ ወላጅን፣ ከዚያ እህት ወንድምን። «ቤቱ የአንተ ነው ብሎኝ ነበር» አያዋጣም፤ የቃል ኑዛዜ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ አያወርስም። (ቤት በ500 ብር!)

ስለዚህ ይጻፍ። ተናዛዡ ሙሉውን በእጁ ከጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ ቀንና ፊርማ ያኑርበት። ሌላ ሰው ከጻፈለት በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ 2 ይበቃሉ። የምትረሳው «በፊታችን ተነበበ» የምትለዋ መስመር ናት፤ እሷና ቀኑ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈሩ የሟች ወንድም መጥቶ ያፈርሰዋል።