ስቲከሩ ተላጠ፣ ጥላው ቀረ

ሞተሬ ቀይ ነው። አሁን እንደውም ሁለት ዓይነት ቀይ ሆኗል።

ከአራት ዓመት በፊት አጋሮ ካለ ሰው ነው የገዛሁት። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ላይ ግራና ቀኝ፣ ከመቀመጫው ስር ባሉት ፕላስቲኮች ላይም ጭምር፣ ከፋብሪካ የመጡ ነጭና ግራጫ መስመሮች ነበሩት። ስገዛው ያምር ነበር። ከዚያ የጅማ ክረምት ይወርድበታል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ እዚሁ ጅማ መርካቶ ዳር ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል፣ በዚህ ላይ የሚያጥቡት ልጆች በሞተር ፓምፕ ውሃውን ቀጥታ ጠርዙ ላይ ይለቁበታል። ጠርዙ ተነሳ። በተነሳው ስር ቀይ አፈር ገባ፣ አፈሩ ከሙጫው ጋር ተጋግሮ ጥቁር ሆነ። ባጥበውም ቆሻሻ፣ ባላጥበውም ቆሻሻ። እህቴ "ሞተርህ ቁስሉ መቼ ነው የሚድነው?" ስትለኝ በቃ ይነሳ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጋራዥ ነው። ልጁ በደንብ እንኳን ሳያይ "ቲነር ነው የሚያነሳው" አለኝና ጨርቅ ነክሮ የቀኙን ፕላስቲክ ማሸት ጀመረ። ስቲከሩ ንቅንቅ አላለም። ጨርቁ ግን ቀይ ሆነ። አቦ ተው ብዬ እጁን እስክይዘው ድረስ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደብዝዟል፣ በጣት ሲነካ ይይዛል። ቲነር ቀለም ያሟሟል፣ ፕላስቲኩንም ይበላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶንም ያው ነው። ይሄን አውቅ ነበር፣ ግን ባለሙያ ፊት ሲቆም ሰው ዝም ይላል መሰለኝ።

ሰፈራችን ድሮ መኪና ይቀቡ የነበሩ ጋሼ አሉ። የተበላሸውን ፕላስቲክ ፈትቼ ይዤላቸው ሄድኩ። አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ "ጥፍርህን ጠርዙ ላይ ሂድበት" አሉኝ። ሄድኩበት። "ያዘህ?" "አዎ ጋሼ።" "ከያዘህ ከላይ የተለጠፈ ነው፣ ይነሳል። ካልያዘህ ቫርኒሹ ከላዩ አለ ማለት ነው፣ እሱን ተወው፣ በብርጭቆ ወረቀት ካልሆነ አይወጣም፣ ከዚያ ደግሞ መቀባት ነው።" የኔ በሙሉ ጥፍር ይይዛል። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፣ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

እሁድ ጠዋት የእህቴን የፀጉር ማድረቂያ ለምኜ ወሰድኩ። ሰልባትዮውን ግን መጀመሪያ ከሞተሩ ላይ ፈታሁት፣ ቤንዚኑን ቀዳሁ፣ ጄሪካኑን ጓሮ ወሰድኩት፣ የሰልባትዮውን ክዳን ጥርቅም አደረግሁ። የፀጉር ማድረቂያ ውስጡ የጋለ ሽቦ ነው፣ የማድረቂያው የራሱ ትንሽ ሞተርም እሳት ይረጫል። የቤንዚን ትነት ባለበት እሱን መሰካት ራስን ማቃጠል ነው። የጋራዦቹ ትልቁ የሙቀት ሽጉጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ከ500 ዲግሪ በላይ የሚወጣው ሁሉ አለ፣ የሞተር ፕላስቲክ ግን ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል። የፀጉሩ ይበቃል።

ሥራው ላይ ሳለሁ የገባኝ ነገር ቢኖር ጠላቴ ስቲከሩ ሳይሆን ሙጫው መሆኑን ነው። ስቲከሩማ በጥፍርም ይነሳል። በብርድ ስትስበው ግን እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል፣ ፀሐይ ልስላሴውን ጨርሶታልና፣ ሙጫው ደግሞ እዛው ቁጭ ይላል። በጣም ስታሞቀው ይባስ ሙጫው ይቀልጥና ስቲከሩን ለቆ ቀለሙ ላይ ይቀራል። መሃሉን ማግኘት ነው። እኔ በእጄ ነበር የምለካው። እጄን አስቀምጬ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከቻልኩ ልክ ነው፣ ካቃጠለኝ እጠብቃለሁ። ጠርዙን በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ አነሳሁ። ምላጭ አይታሰብም፣ አንድ ጊዜ ካዳለጠ ጭረቱ ለዘላለም ነው። ከዚያ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ በራሱ ላይ እንደሚታጠፍ አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ። በጣም ቀስ። በደቂቃ አንድ ስንዝር ቢሄድ ነው። እንዲህ ሲሆን ሙጫው አብሮ ይመጣል፣ ድምፁም ይለያል፣ የሚቀደድ ሳይሆን የሚላጥ ድምፅ ነው። ሱስ ይሆናል እንዴ?

የግራው ግማሽ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ።

ትንሽ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ውሃ አፍልቼ ፎጣ እየነከርኩ ሞከርኩ፣ ይሠራል ግን ቶሎ ይበርዳል። በመጨረሻ ሰልባትዮውን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩትና ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ረሳሁት። ስመለስ ብረቱ ልክ እኔ የምፈልገውን ያህል ሞቋል፣ የቀረው መስመር ሳይቆረጥ አንድ ላይ ተነሳልኝ። ፀሐይ ከማድረቂያው ይልቅ ሁሉንም ቦታ እኩል ነው የምታሞቀው። ከመጀመሪያው እንዲህ ባደርግ እህቴንም አለምንም ነበር።

የቀረውን ሙጫ በላምባ ነው ያስለቀቅሁት። መጀመሪያ ከመቀመጫው ስር የማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ሞከርኩ፣ ጨርቁ ላይ ቀለም አልመጣም። በላምባ የራሰ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አልብሼው ስመለስ ሙጫው በአውራ ጣት እየተድበለበለ ይመጣል። የምግብ ዘይትም ይሠራል ይባላል፣ ግን በዛሬ ዋጋ ዘይት ለሞተር? ላምባው ቅባት ስለሚተው በፈሳሽ ሳሙና አጠብኩት፣ መጨረሻ ላይ ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ወለወልኩት።

ወለወልኩና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየሁት። መስመሮቹ አሉ።

ስቲከሩ የለም፣ መስመሩ ግን አለ። ተሸፍኖ የቆየው ቀለም ደማቅ ቀይ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ፀሐይ የበላው። ጅማ ከባህር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ቀለም የሚበላው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ቀይ ደግሞ ቶሎ ከሚደበዝዙት ቀለሞች ነው። የስቲከሩ ፊደላት ሳይቀሩ ይነበባሉ። ጋሼ ጋ ሮጥኩ። ሳቁብኝና ከቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ኮምፓውንድ (ቀለም ማሻሻ ቅባት) ሰጡኝ። "እሽው፣ ግን አታብዛ። ከላይ ያለው ቫርኒሽ ከፀጉር አይወፍርም፣ ካለቀ አለቀ።" ሁለት ማታ በአሮጌ ቲሸርት አሸሁት። የደበዘዘው ትንሽ ነቃ፣ ጥላው ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ አሁንም አለ። ሦስተኛ ማታ ልቀጥል አስቤ ነበር።

በማግስቱ መርካቶ አቁሜው አንድ ሰውዬ ዞር ዞር እያለ ያየዋል። "ትሸጠዋለህ?" አለኝ። ልሸጠው አላሰብኩም፣ ግን ዋጋ መስማት ማን ይጠላል። "ተቀብቷል አይደል? ስቲከር የለውም። የት ነው የተገለበጠው?" አለ ቀጥሎ። ለካ እዚህ ስቲከር የሌለው ሞተር ማለት ወድቆ የተቀባ ሞተር ነው! ምዬ ተገዝቼ አላመነኝም። በመጨረሻ ጎንበስ አደረግሁትና ሰልባትዮው ላይ ያለውን የፊደል ጥላ በስልኬ መብራት አሳየሁት። "የተቀባ ቢሆን ይሄ ከየት ይመጣል?" በጣቱ ዳበሰው፣ ዓይኑን አጠበበ፣ "እውነትህን ነው፣ የራሱ ቀለም ነው" አለ። የጠራው ዋጋ ግን የሚያስቅ ነበር።

ማታ የተረፈውን ኮምፓውንድ ለጋሼ መለስኩላቸው።