ሰሌዳውን አምኜ ማጥ ላይ የቀረሁበት ቀን

ከዋሽንግተን ዙሪያ ከምንኖረው መካከል ትንሽ ጀልባ ገዝቶ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ ዓሣ ለማጥመድ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የደንገል ታንኳ በዘንግ እየተገፋ ሲሄድ እያየሁ፣ ቆይቶም ራሴ እየገፋሁ ስላደግሁ ውሃ የሚያስተምረኝ አዲስ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ጣና የሚሞላውና የሚጎድለው ግን ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ሲሆን፣ ይኼኛው በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን የሚለውጥ ውሃ ነው።

ወረቀቱ አያስቸግርም። በሜሪላንድ በባሕረ ሰላጤው ለማጥመድ ፈቃድ ይገዛል፤ ሞተር ያለው ጀልባ ይመዘገባል፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ነጂ ደግሞ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ትምህርቱን በሁለት ምሽት ጨረስኩት። የጀልባ መተላለፊያውን ስለሚያሳዩት ቀይና አረንጓዴ ምልክቶች ብዙ ጥያቄ ነበረው፤ እኔ የሄድኩባቸው ቦዮች ውስጥ ግን አንድም ምልክት አልነበረም።

ቦታ መፈለጉ ደስ የሚለው ክፍል ነው። በዶርቼስተር ካውንቲ፣ ፊሺንግ ቤይ በሚባለው ወሽመጥ ዙሪያ፣ ሣር የለበሰውን ረግረግ እየሰነጠቁ የሚገቡ ብዙ ጠባብ ቦዮች አሉ፤ የአገሩ ሰው ክሪክ ይላቸዋል። ክረምቱን ሁሉ ማታ ማታ የሳተላይት ምስል እያየሁ ቦዮቹን በቃሌ ያዝኳቸው። ጠቆር ያለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጥልቁ ነው፤ ውሃው በሚታጠፍበት ቦታ የውጭው ዳር ሲቦረቦር የውስጡ ዳር ደለል ይይዛል፤ ቦዩ ወደ ወሽመጡ በሚከፈትበት አፍ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የደለል ጉብታ ይጋደማል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሼ ከምላቸው አንድ ታላቅ ወዳጄ ጋር 14 ጫማ የአልሙኒየም ጀልባዬን ይዘን ወረድን። ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት አስቀድሞ የሚያሳየው ሰሌዳ፣ ውሃው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እንደሚሞላ ይናገር ነበር። ሁሉም አጥማጅ እንደሚመክረው፣ ውሃው ሲወጣ ትንንሽ ዓሦችን ከሣሩ እየጠረገ ስለሚያወርድ ትልልቆቹ በቦዩ ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ በሚል ከሙላቱ ማብቂያ ላይ ገባን። ጀልባ ማውረጃው ላይ ያገኘነው አንድ ተቆጣጣሪ ሰሌዳውን ተመልክቶ «ልክ በሰዓታችሁ መጥታችኋል» አለን። እዚያው ከእግሩ ሥር የኮንክሪቱ ጫፍ አረንጓዴ አልጌ ለብሶ ከውሃ በላይ ወጥቶ ነበር። በሙላት ሰዓት መታየት የማይገባው ነገር ነው። እሱም አላየው፤ እኔ አየሁት፣ ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 21 ጫማ ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ አካባቢ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነትም ወደ ሁለት ጫማ ስለሚጠጋ፣ እንዲህ ያለ ነፋስ ውሃውን ወደ ውቅያኖሱ ገፍቶ ልዩነቱን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ሰሌዳው የሚያሰላው የጨረቃንና የፀሐይን ስበት እንጂ የዕለቱን ነፋስ አይደለም። በውሃው ካርታ ላይ «2 ጫማ» ተብሎ የተጻፈው ጥልቀትም የሚለካው በየዕለቱ ከሚደርሰው ዝቅተኛ ውሃ አማካይ ነው፤ ነፋስ ሲገፋው ከዚያም በታች ይወርዳል።

ሁለት ሰዓት ያህል ዋይት ፐርች የሚባለውን ዓሣ እያወጣን ተጫወትን። ሣሩ ነፋሱን ስለከለለልን ሙቀት እንኳ ተሰምቶን ነበር። ልንወጣ ስንል ሞተሩ ደለል እየቆፈረ ቡናማ ውሃ ተፋ፤ ከዚያ ቆመ። እኔም በችኮላ ከጀልባው ወርጄ ልገፋ አልኩና እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። ትምህርቱ «ከጀልባ አትውረዱ» ሲል ስቄ ያለፍኩት ነበር፤ በዚህ ነገር እነሱ ልክ ናቸው። ጋሼ በመቅዘፊያው ስበው አወጡኝ፤ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

ስልኬ አንድ መስመር ብቻ ያሳይ ነበር። የደወልኩላቸው የጀልባ ጎታቾች ጀልባቸው በዚያ ጥልቀት እንደማይገባ ነገሩኝ። የድንገተኛ ስልክ ያነሣው ሰው ደግሞ የቆሰለ ወይም የታመመ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ፣ እየተከታተለን እንደሚቆይ ገልጾ «ውሃው ሲመለስ ትወጣላችሁ» አለኝ። አነጋገሩ እስካሁን ያናድደኛል፤ ያለው ግን ስሕተት አልነበረውም። ከቀትር እስከ ማታ እርጥብ ሱሪ ለብሼ ስንቀጠቀጥ ጋሼ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙላቱ የሚጠበቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። መጣ፣ ነገር ግን ስንዝር ጎደለው። ባትሪውን፣ የበረዶ ሣጥኑንና የቤንዚኑን ጄሪካን ሣሩ ላይ አውርደን ቀሪውን ጉልበታችንን ዘንጉ ላይ ስናደርግ ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ዕቃውን በየተራ መልሰን ጭነን፣ በባትሪ መብራት እየተመራን ወጣን። ያን ዘንግ ለልማድ ያህል የያዝኩት ነበር፤ ጥልቀት መለኪያው መሣሪያ ያላደረገውን እሱ አደረገ።

አሁን የማደርገው አጥማጆቹ ከሚመክሩት ጋር አይስማማም። አዲስ ቦይ ውስጥ የምገባው ውሃው መሙላት ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደለል ላይ ብቀመጥም ውሃው ራሱ ያነሣኛል። ውሃው ሲወጣ ማጥመድ ዓሣ እንደሚያስገኝ አልክድም፤ ቦዩን ለማያውቅ ሰው ግን ከንቱ ድፍረት ነው። ከመነሣቴ በፊት እዚያው አካባቢ ቢሾፕስ ሄድ በሚባለው ቦታ ያለው የውሃ ከፍታ መለኪያ በዚያች ሰዓት የሚያሳየውን ትክክለኛ ከፍታ ከትንበያው ጋር አስተያያለሁ፤ ግማሽ ጫማ ከጎደለ ከቤቴ አልወጣም። ሞተሩን ከፍ አድርጌ በዘንግ እየለካሁ እገባለሁ፤ የሄድኩበትን መስመርም ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በጉድለት ሰዓት፣ ያለ ዓሣ ማጥመጃ፣ ለማየት ብቻ ወደዚያው ቦታ ተመለስኩ። የደለሉ ጉብታ ጀርባው ተጋልጦ፣ የሞተሬ ቁፋሮ ሳይጠፋ ይታይ ነበር። ጥልቁ ቦይ ከእሱ በስተግራ፣ ሁለት ቀዘፋ ርቆ፣ ጥቁር ሆኖ ይፈስሳል።