ሙቀቱ ምን አደረገ?

ድሬዳዋ ላይ አንድ ዕቃ እምቢ ካለ፣ ከደጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ሙቀቱን ነው። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

የቬሪሎግ፣ ማለትም ዲጂታል ሰርኪዩት በኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ትምህርት ሊጀመር ነበር። የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ ኡቡንቱ 24.04 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ጭነናል። የቀረው የኤፍፒጂኤ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ሰርኪዩት በኮድ የሚቀያየር ቺፕ፣ ሶፍትዌሩ ነው። እሱ ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ስለሆነ በእኛ ኢንተርኔት አይሞከርም። ሊያግዘን ከአዲስ አበባ የመጣው ኢንጂነር በሃርድ ዲስክ ይዞልን መጣ። ለዚህ እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ጭነቱ ሊያልቅ ሲል ቆመ። ስህተት አላወጣም፣ አልተዘጋም፤ ዝም አለ። ኢንጂነሩ የኮምፒውተሩን ጎን ዳሰስ አድርጎ «ግሏል፤ አጥፉትና ይቀዝቅዝ» አለ። ቬንትሌተር አመጣን። እንደገና ሲጀመርም እዚያው ደርሶ ቆመ። የላብ ረዳታችን፣ ሳቢያን ያደገች የድሬ ልጅ፣ ሶፍትዌሩን ራሱን ከተርሚናል (ትዕዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ስታስነሳው ሊብቲንፎ 5 የሚባል ላይብረሪ (ሶፍትዌሮች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) አጣሁ ብሎ ጻፈላት። ለካ ጫኙ ይህንኑ ሶፍትዌር ከጀርባ ሊያስነሳ እየሞከረ ነው የሚቆመው። 24.04 ያንን አሮጌ ላይብረሪ ከማከማቻው አውጥቶታል። ጥቅሉን ከቀድሞው ኡቡንቱ 22.04 አምጥታ ጫነችው፤ አለፈ።

ከዚያ የጄታግ ገመዱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከኤፍፒጂኤ ቦርዱ ጋር የሚያገናኘው፣ ተራ መጣ። ቦርዱ በርቷል፣ ገመዱ ተሰክቷል፤ ሶፍትዌሩ ግን ምንም አይታየኝም ይላል። ሌላ ገመድ ሰካን፤ ያው ነው።

«ገመዶቹ ተቃጥለዋል» አለ ኢንጂነሩ። «በዚህ ሙቀት መጋዘን ውስጥ ከርመው ምን ይተርፋሉ?»

ልጅቷ የዩኤስቢ ዝርዝሩን አውጥታ አሳየችው። 0403:6014 ይላል። ይህ ቁጥር ገመዱ ውስጥ ያለው፣ ዩኤስቢን ወደ ጄታግ የሚቀይረው የኤፍቲዲአይ ቺፕ መለያ ነው።

«ኢንጂነር፣ ሊኑክሱ አይቶታል። ይመልከቱት።»

«እህቴ፣ የዩኤስቢው ጎን ስለሠራ የጄታጉ ጎን ሠራ ማለት አይደለም።»

ትክክል ነው፤ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። እሷም አልተከራከረችም። ወደ እኔ ዞር ብላ «አቦ፣ አንዴ ብቻ በሱዶ ልሞክረው» አለች። ሱዶ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ነው፤ እንዲያ አስነሳችው። የቦርዱ ቺፕ መለያ ወዲያው ተነበበ። ገመዱ ጤነኛ ነው። ያጣነው ፈቃድ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ ያንን ዕቃ እንዲከፍት አልተፈቀደለትም።

ኢንጂነሩ ስክሪኑን ትንሽ አየና «በቃ፣ ተማሪዎቹ በሱዶ ይሥሩ» አለ።

«አይሆንም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በሱዶ የተሠራ ፕሮጀክት ፋይሉ የሩት፣ የአስተዳዳሪው፣ ይሆናል። ተማሪው ነገ በራሱ ስም ሲገባ ማስተካከል ያቅተዋል። ደግሞስ ለሁሉም ተማሪ የሱዶ ፓስወርድ እንሰጣለን?»

እኔ ይህን መልስ እወደዋለሁ። ላብ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚውል ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። ኢንጂነሩ ማታ አውሮፕላኑን ይይዛል፤ የተበላሸ ፈቃድ ሲያቃና የሚከርመው ግን እኛ ነን።

አጭር የዩዴቭ ደንብ ጻፈች፤ ሊኑክስ የተሰካን ዕቃ ማን እንዲከፍት እንደሚፈቅድ የሚወስን ነው። የአምራቹ ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ የፈቃዱ መጠን፤ በአንድ መስመር አለቀ። ደንቡን አስነበበችው፤ ገመዱን ነቅላ ሰካች። በተራ ተጠቃሚ ስም ተከፈተ። ሁሉም ገመዶች ሠሩ።

የኢንጂነሩ ጉብኝት ሪፖርት ከጊዜ በኋላ ደረሰን። «በአካባቢው ሙቀት የተጎዱ ገመዶች» ይላል፤ አዲስ እንዲገዛም ይመክራል። የሶፍትዌሩ ችግር «በባለሙያ ጉብኝት ተፈትቷል»። የልጅቷ ስም የትም የለም። ለኃላፊያችን ጻፍኩ፤ ደንቡንም አያያዝኩ። ስሟ ይግባ፣ የገመድ ግዢውም ይቅር፣ በገንዘቡ ቦርድ ይጨመርልን አልኩ። የተላከ ሪፖርት አይመለስም ተባልኩ። ገመዶቹ ተገዙ። አሮጌዎቹ ያው እየሠሩ ነው፤ ድሬም ያው ሞቃት ናት።

ያንን የደንብ ፋይል በየኮምፒውተሩ ስገለብጥ፣ ከላይ በኮመንት መስመር ሙሉ ስሟንና የጻፈችበትን ቀን አስገባሁ። አዲስ ማሽን ሲመጣም እንደዚያው ነው የምጭነው።